የቤት መዝገብና የትውልድ ቆጠራ

ትውልድ መቁጠር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሕፃን አፉን ፈትቶ መናገር ሲጀምር ከሚጠየቀው ጥያቄ አንዱ «የማን ልጅ ነህ? አያትህስ ማን ይባላል?» የሚል ነው። ከአያት አልፎ ቅድመ አያቱን፥ ምንጅላቱንና እንጅላቱን ቈጥሮ ወደ ሰባት ቤት የሚጠጋ ልጅ በሽማግሎች ፊት ይመሰገናል። እንዲያውም የእኛ የአዊ አገር ስም ራሱ የትውልድ ቆጠራ ነው። ሰባት ቤት አገው የተባሉት አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ቻራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም ከሰባት ወንድማማች አባቶች እንደ ወረዱ በአፈ ታሪክ ይነገራል። እኔ ግን በዚህ በተማሪ ቤታችን መጽሔት ለጓደኞቼ ተማሪዎች፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለመግለጽ የፈለግሁት በቃል ስለሚነገረው ትውልድ አይደለም። በየቤቱ ሣጥን ተጽፎ ስለ ተቀመጠው፥ ነገር ግን ገልጦ የሚያየው ሰው አጥቶ አይጥና ምስጥ ስለሚበላው ትውልድ ነው።

በአውሮፓ አገር ብዙ ሰው በየቀኑ የሠራውንና ያየውን የሚጽፍበት የዕለት ማስታወሻ እንደ ነበረው እናነባለን። በዚያ ያሉ የቤተሰብ ታሪክ መርማሪዎች እንዲህ ያለውን ደብተር ሲያገኙ እንደ ወርቅ ይቈጥሩታል። በእኛ አገር በየዕለቱ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ «አባቶቻችን ምንም አልጻፉልንም» ብሎ ያማርራል። ይህ አባባል ትክክል አይመስለኝም። አባቶቻችን ጽፈዋል፤ የጻፉበት ቦታ ግን እኛ የምንፈልግበት ቦታ አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሰው በብራናው መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ የልጁን ክርስትና፥ የወንድሙን ሞት፥ የላሙን ዋጋ ይጽፋል። የማኅበርና የሰንበቴ ጸሐፊ የማኅበርተኛውን ስም በተራ ይዘረዝራል። ጋብቻ ሲፈጸም የሰማንያው ውል ከነእማኞቹ ይጻፋል። ተዝካር ሲደገስ ማን በግ፥ ማን ጋን ጠላ፥ ማን ስንት እንጀራ እንዳመጣ ይመዘገባል፤ ነገ ብድር መመለስ አለና። ከዚህም ሌላ የግብር ደረሰኝ፥ የፍርድ ቤት ግልባጭ፥ በኋላም ዘመን ባለ መስመሩ ደብተር አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ የቤተሰብ መዝገብ ይሆናሉ።

በእኛ ቤት ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የአያቴ አያት ይደግሙበት የነበረው የብራና ዳዊት ነው። ሁለተኛው አያቴ ከ1948 ጀምሮ የጻፉበት ደብተር ነው። አያቴ ጸሐፊ አልነበሩም፤ ገበሬ ነበሩ። ነገር ግን ዝናብ የጣለበትን ቀን፥ ለማን ስንት ቁና እህል እንዳበደሩ፥ የትኛው ልጅ በየትኛው ቀን ኩፍኝ እንደ ያዘው ሳይሰለቹ ጽፈዋል። ከደብተሩ ግማሽ በላይ የብድር ሒሳብ ነው። መጀመሪያ ባነበብሁት ጊዜ ሒሳቡን እየዘለልሁ የትውልዱን ነገር ብቻ እፈልግ ነበር፤ በኋላ ግን ከትውልዱ ይልቅ ሒሳቡ ብዙ ዘመድ እንደሚያሳይ ተረዳሁ። ገበሬ ያለ ዋስ አያበድርም፤ ዋስ የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ አማች ወይም ወንድም ነው። ከእያንዳንዱ ተበዳሪ ስም ቀጥሎ የዋሱ ስምና ዝምድናው ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መዝገብ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው። ስለ አንድ ሰው ብቻ መፈለግ ከጀመረ ሌላው ሁሉ ያመልጠዋል። ሲያነብም የጽሕፈቱን እጅ ይመልከት። በዳዊታችን ላይ ሦስት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት አለ። አንዱ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ የባለቤቱ የራሳቸው ነው። ሁለተኛው ቀጭንና ያዘነበለ ሲሆን፥ መጀመሪያ የጻፈው ነገር የባለቤቱን ዕረፍት ነው፤ እርሱም በ1931 ነው። ስለዚህ በወፍራሙ እጅ የተጻፈው ሁሉ ከ1931 በፊት የተጻፈ መሆኑ ሳይነገረን ይታወቃል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ኋላ ግን ለትልቅ ጉዳይ እንደ ጠቀመን እናያለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አስቸጋሪ ነገር የዘመን ቆጠራ ነው። ሰው ሁሉ ዓመቱን በቁጥር ይጽፋል ብሎ ማሰብ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የወንጌላዊው ዘመን፥ የወሩ ቀንና የሳምንቱ ዕለት ብቻ ነው። ወይም ወሩ ሳይጠራ በሚካኤል፥ በጊዮርጊስ፥ በመድኃኔ ዓለም ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም 12፥ 23፥ 27 ማለት ነው። በዳዊታችን ላይ ካሉት ማስታወሻዎች አንዱ፥ በዘመነ ሉቃስ፥ በኅዳር 12 ቀን፥ በዕለተ ሐሙስ፥ የባለቤቱ ወንድም በሸዋ አገር በጉንፋን በሽታ እንዳረፈ ይናገራል። ዓመቱ የለም። ታዲያ ዘመነ ሉቃስ በየ4 ዓመቱ ስለሚመላለስ፥ የትኛው ሉቃስ ነው?

ይህን ለማወቅ የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ያስፈልጋል። ሒሳቡ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት አያልፍም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ስንጨምር ዓመተ ዓለምን እናገኛለን። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ስናካፍል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ለማግኘት ደግሞ ለ4 ተካፍሎ የደረሰውን ቁጥር፥ ማለት መጠነ ራብዒቱን፥ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምረን ለ7 እናካፍላለን። ምንም ባይተርፍ ሰኞ፥ 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፥ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፥ እንዲህ እያለ እስከ 6 ድረስ፥ እርሱም እሑድ ነው።

1911ን እንሞክር። 1911 ሲደመር 5500 ይሆናል 7411። ይህ ለ4 ሲካፈል 1852 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ እንግዲያስ ዘመነ ሉቃስ ነው። 7411 እና 1852 ሲደመሩ 9263 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነበር። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ድረስ 71 ቀን ያልፋል፤ 70ው 10 ሳምንት ነው፤ 1 ቀን ስንጨምር ሐሙስ ላይ እንደርሳለን። ከፊቱ ያለውን ሉቃስ 1907ን ብንሞክር ኅዳር 12 ቅዳሜ ይሆናል፤ ከኋላው ያለው 1915 ደግሞ ማክሰኞ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፥ እርሳስ አንሥተህ እስኪ ሞክረው።

1911 የተገኘበት ምክንያት ሌላም ደጋፊ አለው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር አዲስ አበባን ብዙ ሰው የፈጀ ጉንፋን ገብቶባት እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ «የኅዳር በሽታ» የተባለው እርሱ ነው። በዓለም ዙሪያም በዚያው ጊዜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጋር ሚሊዮኖችን የጨረሰ በሽታ ነበረ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠልና ኅዳር ሲታጠን የምናየው ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወንጌላዊውና የሳምንቱ ዕለት አንድ ላይ የሚመለሱት በየ28 ዓመቱ ነው። ስለዚህ በዘመነ ሉቃስ ኅዳር 12 ሐሙስ የዋለው በ1911 ብቻ ሳይሆን በ1883ና በ1939 ጭምር ነው። ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ግድ ነው። 1883 ሊሆን አይችልም፤ ሟቹ በአንድ የሰማንያ ውል ላይ እማኝ ሆነው ተጽፈዋልና፥ የውሉም ዓመት ፲፱፻፮ ይላል። (የግዕዝ ቁጥር በደበዘዘ ቀለም ሲጻፍ ፮ና ፯ ይምታታሉ፤ እዚህ ላይ ግን 1906ም ሆነ 1907 ለውጥ አያመጣም።) 1939ም ሊሆን አይችልም፤ ማስታወሻው በወፍራሙ እጅ የተጻፈ ነውና፥ የወፍራሙ እጅ ባለቤትም በ1931 ዐርፈዋልና። የቀረው 1911 ብቻ ነው።

አሁን ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፥ ከሁለት ዓመት በፊት በዘመዶቻችን መካከል የሆነውን ልንገረው። የሰዎቹን ስም መጻፍ አያስፈልግም።

አንድ ዘመዳችን ወደ ዳንግላ በኩል ካለ ቤተሰብ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሁለቱም ወገን ከተስማሙ በኋላ እንደ ልማዱ ትውልድ ተቈጠረ። በቆጠራውም ላይ አንድ ስም ተገናኘ። የልጁ ምንጅላትና የልጅቱ ምንጅላት አንድ ስም፥ አንድ የአባት ስም፥ አንድ ዘመን ነበራቸው። የልጁ ምንጅላት የተባሉት ከላይ በሸዋ ዐረፉ ያልኋቸው ሰው ናቸው። ሽማግሎቹ «እኒህ ሰው አንድ ናቸው፤ አንዷን ሚስት በዚህ፥ አንዷን በዚያ አግብተው ነበር፤ እንግዲህ ልጆቹ በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ ጋብቻው አይሆንም» ብለው ፈረዱ። ከሰባት ቤት በታች መጋባት ነውርም ኃጢአትም ነውና የሚቃወማቸው አልነበረም። ልጁ ምግብ መብላት አቆመ። ልጅቱም ከቤት አትወጣም ተባለ።

እኔ ዳዊቱን በማንበብ ላይ መሆኔን የሚያውቅ አጎቴ ጠርቶ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው ለአጎቴም ለልጁም የነገርኋቸው አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ የሚለውን ሁሉ አነባለሁ፥ ዝምድናውን የሚያጸና ነገር ባገኝም አልሸሽግም አልሁ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ተስማማ። ይህን የመሰለ ስምምነት ሳይኖር መዝገብ መግለጥ ጠብ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። የሚፈልገውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ ያገኘዋልና።

በልጅቱም ቤት ዳዊት አለ። በዚያ ዳዊት ላይ የልጅቱ ቅድመ አያት በ1918፥ በዘመነ ማርቆስ፥ ጥር 21 ቀን ክርስትና እንደ ተነሡ ተጽፏል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀን ነው፤ ወንድ ቢሆን በ40 ነው። ከጥር 21 ቀን 80 ቀን ወደ ኋላ ብንቈጥር ኅዳር መባቻ ላይ እንደርሳለን። ስለዚህ እኒያ ሴት የተወለዱት በ1918 ኅዳር መጀመሪያ ነው። አባታቸው ቢያንስ ከዚያ ዘጠኝ ወር ያህል አስቀድሞ በሕይወት የነበሩ መሆን አለባቸው። የእኛ ሰው ግን ከእኒያ ሴት ልደት 7 ዓመት ያህል አስቀድሞ በሸዋ ዐርፈዋል። እንግዲያስ ሁለቱ ሞክሼዎች እንጂ አንድ ሰው አይደሉም።

አንድ አረጋዊ ይህን አልተቀበሉትም። ልጅ ሳሉ፥ ከጠላት መውጣት ጥቂት ዓመት በኋላ፥ ወላጆቻቸው ለእኒያ ሰው ልቅሶ ሲሄዱ እንደሚያስታውሱ ተናገሩ። ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም፤ አረጋዊው የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ ከ1939 ጋርም ይገጥማል። ስለዚህ የክርክሩ ፍሬ ነገር ያ ዓመት የሌለው ኅዳር 12 ሐሙስ ሆነ። 1939 ከሆነ ሽማግሎቹ ልክ ናቸው፤ 1911 ከሆነ ልጆቹ ነጻ ናቸው። የልጅቱ ቤት የንስሐ አባት እርሳስና ወረቀት አስመጥተው ሒሳቡን ራሳቸው እንደ ገና ሠሩት። እኔ የሠራሁትን ወረቀት ለማየት እንኳ አልፈለጉም። ሠርተው ሲጨርሱ ሐሙስ ላይ ደረሱ። ቀጥሎ የሁለቱን እጅ ጽሕፈት ጎን ለጎን አድርገው ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። መጨረሻ የጠየቁት የክርስትና ስም ነበር። በእኛ ዳዊት ላይ ሟቹ ገብረ ሥላሴ ተብለው ተጽፈዋል፤ በልጅቱ ቤት ዳዊት ላይ የሕፃኗ አባት ወልደ ሚካኤል ይባላሉ። አንድ ሰው ሁለት የዓለም ስም ሊኖረው ይችላል፤ ክርስትና ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አረጋዊውም ውለው አድረው፥ የሄዱበት ልቅሶ በዳንግላ በኩል እንደ ነበረ፥ ወደዚያም ሲሄዱ በመንገድ እንዳደሩ አስታወሱ። የእርሳቸውም ትዝታ እውነት ነበረ፤ የተለቀሰለት ግን ሌላው ሰው ነበሩ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው ብሎ መቀበል ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ለምን እንደ ተጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን እስከ ታወጀበት ጊዜ ድረስ በጎጃም ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበረ። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መውረዱን የሚያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቃል፤ በአባቱም በእናቱም በኩል መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለክርክር የተጻፈ ትውልድ ሁልጊዜ ወደ ጥሩ መሬት ያዘነብላል። አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። ርስት የማግኘት ነገር በደም ብቻ ሳይሆን በተከራካሪው ብልሃትና አቅምም ጭምር እንደ ነበር ያስረዳል። በአያቴ ደብተር ውስጥም በ1952 ለዳኛ የቀረበ የትውልድ ዝርዝር ተገልብጧል። በዚያ ዝርዝር ላይ በዳዊቱ ላይ ያለ አንድ አባት የለም፤ ጠፍቷል። ለምን እንደ ጠፋ አያቴ አልጻፉም። እኔ ግን ከዝርዝሩ ይልቅ ዳዊቱን አምናለሁ፤ የልጁን ክርስትና በዳዊት ላይ ሲጽፍ የሚከራከረው ሰው የለምና። ከሁለቱም ይልቅ የማምነው ደግሞ የተዝካሩን ሒሳብ ነው።

የተዝካሩ ሒሳብ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሴቶችን ስም ይነግረናል። በቃል የሚቈጠረው ትውልድ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ለወንድ ይሄዳል። እከሌ እከሌን ወለደ ይባላል እንጂ ከማን እንደ ወለደ አይነገርም። ለዚህም ነው በብዙ ቤት ያለው የትውልድ ሐረግ ግማሹ የተቈረጠ ዛፍ የሚመስለው። በተዝካር ጊዜ ግን በጎችንና ጠላን ይዘው የሚመጡት ተድረው የሄዱት እኅቶችና አክስቶች ናቸው። ከ1931ዱ ተዝካር ዝርዝር የአያቴ አያት ሦስት እኅቶች እንደ ነበሯቸው አገኘሁ፤ አንዷ ወደ ባንጃ፥ አንዷ ወደ አንከሻ፥ አንዷ እዚሁ ወደ ጓንጓ ተድረው ነበር። ከዚያ በፊት በቤታችን ማንም ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። ሴት አያቴ ስማቸውን ሳነብላቸው ስለ አንዷ ብቻ ሰምተው እንደ ነበር ነገሩኝ፤ ጥሩ ድር ፈታይ ነበረች ይባላል አሉ።

ሴት አያቴን ያነሣኋቸው ለሌላም ምክንያት ነው። የአገራችን ሰው በቤቱ አገውኛ ይናገር ነበር፤ ሲጽፍ ግን በአማርኛ ወይም በግዕዝ ይጽፍ ነበር። አገውኛ በአማርኛ ፊደል በትክክል የማይያዙ ድምፆች ስላሉት፥ ያው አንድ ሰው ወይም አንድ መንደር በሦስት ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። እንዲህ ሲያጋጥም ስሙን በዓይን ማወዳደር አይበቃም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አገውኛ ለሚያውቅ ትልቅ ሰው ማንበብ ይገባል። ዛሬ በዞናችን አገውኛ በተማሪ ቤት የሚሰጥ ስለ ሆነ እኛ ከአባቶቻችን የተሻለ ዕድል አለን። የከተማችንም ስም አንዳንዴ ጫግኒ፥ አንዳንዴ ቻግኒ ተብሎ ይጻፋል፤ በፊደል ተራ የተሰናዳ ማውጫ የሚፈትሽ ሰው ሁለቱንም መመልከት አለበት።

የግዛት ስም መለዋወጥም እንዲሁ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ለሚያስተውለው ይረዳል። ጫግኒ በቀድሞው ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ የቀድሞ የፍርድ ቤትና የግብር ወረቀት «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት፥ መተከል አውራጃ» ይላል። ከአብዮቱ በኋላ «ጎጃም ክፍለ ሀገር» ይላል። ዛሬ ከተማችን በአማራ ክልል በአዊ ዞን ስትሆን፥ መተከል የሚባለው ዞን በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። ቀን የሌለው ወረቀት ብታገኙ በራሱ ላይ የተጻፈው የግዛት ስም ዘመኑን ይጠቁማችኋል። በታወቁ ነገሮችም ዘመን ይገኛል። «ከብት ያለቀበት» ሲል ከ1880 እስከ 1884 የነበረው ክፉ ቀን ነው። ንጉሡ በበላያ ያለፉበት ሲል ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል ገብተው ወደ በላያ የሄዱበት ወራት ነው።

ከቤት ውጭ ያሉትን መጻሕፍት በአጭሩ ልጥቀስ። በጎጃም የተወለደ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃም ትውልድ መጽሐፍ ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ በትውልድ ከወዲያ ከዓባይ ማዶ ከጉዱሩ ሲሆኑ፥ በጎጃም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አድገው ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። የጎጃምን ሰው ትውልድ በብዙ ድካም የሰበሰበው ሰው ከጎጃም ያልተወለደ መሆኑ ያስደንቀኛል። ለዘመን ቆጠራ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባሕረ ሐሳብ አለ። የውጭ ሰዎችም የጉዞ ማስታወሻ አለ፤ ጄምስ ብሩስ በ1763 ግሽ ዓባይ ደርሶ ስለ አገው ብዙ ጽፏል፤ ከ1925 እስከ 1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አለው። እነዚህ የአያቶቻችንን ስም አይነግሩንም፤ አያቶቻችን የኖሩበትን መንገድ፥ ገበያና የአየር ጠባይ ግን ይነግሩናል። የቤተ ክርስቲያን ብራናዎችም ከ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሺሕ የሚቈጠሩት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ በኅዳጋቸው የርስትና የጉልት ማስታወሻ ያለባቸው ብዙ ናቸው።

እስላም ጓደኞቼም ተመሳሳይ ሀብት አላቸው። በቁርዓን ወይም በሌላ ኪታብ ዳር በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የልደትና የሞት ማስታወሻ በአንዳንድ ቤት አይቻለሁ። እዚያ ላይ ያለው ዓመት በሂጅራ ስለ ሆነና የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቈጠር፥ የእነርሱ 33 ዓመት ለእኛ 32 ያህል መሆኑን መርሳት አይገባም። አለዚያ አያት ከአባት በኋላ የተወለደ መስሎ ይገኛል።

አሁን ስለ አጠባበቁ። በ2013 ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በከተማችን አጠገብ ራንች በተባለው ቦታ ተጠልለው ነበር። ከእነርሱ ጋር የተጨዋወተ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሌሊት የሚሸሽ ሰው ልጁን ይይዛል እንጂ ሣጥን አይሸከምም። ወረቀት አንድ ቤት ብቻ ከተቀመጠ ከዚያ ቤት ጋር ይጠፋል። ስለዚህ መዝገብ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ይገልብጠው። በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ጥሩ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፥ በጥላ፥ ከላይ ቀጥ አድርጎ፥ እያንዳንዱን ገጽ ባዶውንም ሳይቀር ማንሣት ይገባል። ፎቶግራፉን ቢያንስ ለሦስት ዘመድ በሦስት የተለያየ አገር ላለ መላክ ነው። ቀጥሎ በንጹሕ ደብተር በእጅ መገልበጥ ነው። ስትገለብጡ የተሳሳተውን ፊደል አታርሙ፤ የማይነበበውን በግምት አትሙሉ፤ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉት። የራሳችሁን አስተያየት በኅዳጉ በሌላ ቀለም ጻፉ። በዋናው ላይ ምንም አትጻፉበት፤ ቢበዛ የቅጠሉን ቁጥር በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ በጥጉ ምልክት አድርጉ።

የተቀደደውን በማጣበቂያ ፕላስቲክ መለጠፍ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በላስቲክ ማሸግም ለብራና አይስማማም፤ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ ከምድጃ ጢስ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንዴ ክረምቱ እንደ ወጣ፥ አንዴ በበጋው መካከል፥ አውጥቶ በጥላ ማናፈስ ነው። ሲወጣም በቤቱ ያሉ ትልልቅ ሰዎች አጠገብ ቢቀመጡ መልካም ነው፤ አንድ ስም ሲነበብ ሌላ ስም ይነሣልና፥ እርሱን የሚጽፍ ሰው እርሳስ ይዞ ይጠብቅ።